ድሬዳዋ ላይ ካሊፐር ለምታሠሩ፦ ታፔላ የሌለው የሳቢያን ጋራዥ

ቀጥታ ልናገር። ፍሬናችሁ አንዱ ጎማ ላይ እየያዘ ካስቸገራችሁ፣ ወይም ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስባችሁ ከሆነ፣ አዲስ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመው ብረት) ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ቤት ሂዱ። ሥራቸው አንጀት ያርሳል። ዋጋቸው አያስደነግጥም። ሰዓታቸው ግን ሰው ያሳብዳል፣ እሱን ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ታፔላ የለውም። ሳቢያን ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ትልቅ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ሰፈሩ ስትደርሱ የቆመ ባጃጅ ፈልጉና «የፍሬኑ ሰውዬ ጋ» በሉት። ካወቀ ከፊት ከፊት እየሄደ ያደርሳችኋል፣ ካላወቀም ሌላ ባጃጅ አስቁሞ ጠይቆ ያደርሳችኋል፣ የድሬ ልጅ መቼም «አላውቅም» ብሎ መንገድ ላይ አይጥላችሁም።

ባለቤቱ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ይሄ ድሬ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ በ1895 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይቺ ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። ከሳቸው ጋር ሦስት ልጆች ይሠራሉ። አንደኛው ገና ቁልፍ ማቀበል ላይ ነው።

አሁን ስለ ፍሬን። እዚህ አካባቢ ለሚነዳ ሰው ፍሬን ቀልድ አይደለም። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1900 ገደማ። መሃል ላይ ደንገጎ አለ። ከሐረር በአወዳይ በሐሮማያ አድርጋችሁ ስትመጡ የመጨረሻውን ቁልቁለት በጠመዝማዛ ነው የምትወርዱት፣ ከፊታችሁ የጫነ ሲኖትራክ፣ ከኋላችሁ ጡሩንባውን የማይለቅ የጫት መኪና። እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ ካላነሳችሁ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ በሸራው በፒስተኑ አልፎ የፍሬን ዘይቱ ጋ ይደርሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ክረምት ላይ ተከፍቶ እንደተቀመጠ ጨው እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ይሄዳል። ደንገጎ ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ የሚባለው ለዚህ ነው። ኦቶማቲክ ያላችሁም ዲ ላይ አድርጋችሁ በፍሬን ብቻ አትውረዱ፣ ዝቅ የሚያደርገው ማርሽ ለጌጥ አልተቀመጠም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ አሸዋና አቧራ ነው። የደቻቱ ወንዝ ውሃ የሚያመጣው በዝናብ ነው፣ በቀረው ጊዜ አሸዋውን ነፋስ እያነሳ ሁሉም ቦታ ይበትነዋል። ካሊፐር ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች አንዴ ከተቀደዱ ያ አሸዋ ገብቶ ከግሪሱ ጋር ይቦካል። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

መኪና ለውጬ እገላገላለሁ እንዳትሉ ደግሞ ጊዜው አይፈቅድም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ያለን አሮጌ መኪና ነው፣ የመለዋወጫ ዋጋውም እያያችሁት ነው። ስለዚህ «ይቀየር» ከሚል መካኒክ ይልቅ «ይከፈት» የሚል መካኒክ ዛሬ ወርቅ ነው።

የኔ መኪና ኮሮላ ናት፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር። ሥራዬ ሐረር ስለሆነ ደንገጎን በየሳምንቱ እወጣለሁ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ቀጥሎ የግራው ጎማ መጋል፣ ከዚያ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ስሙ ይቅር። ጎማውን አወለቁ፣ አዩ፣ «ካሊፐሩ ሞቷል» አሉ። ያገለገለ ካሊፐር አስገዙኝ፣ ገጠሙት፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳሉ ሁለት ሦስቴ ካልተረገጠ አይይዝም። ተመልሼ ስሄድ «አየር አለው፣ እናስወጣዋለን» አሉ። አስወጡ። ያው ነው። ድጋሚ አስወጡ። ያው። በመጨረሻ «ዋናው ፖምፓ ነው፣ እሱም ይቀየር» (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ሲሉኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። አንድ ነገር ብቻ ይዤ ነበር፦ የወለቀውን አሮጌ ካሊፐር። የወጣ ዕቃ ሁሌም ውሰዱ፣ የናንተ ነው፣ ከፍላችሁበታል።

ጋሼ ጋ የገባሁት በሥራ ባልደረባ ጥቆማ ነው። ገና ክሪክ ሳያስገቡ ጎንበስ ብለው በጎማው ቀዳዳ አዩና ሳቁ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የቀኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሊፐር ግራና ቀኝ አለው። አየር የሚወጣባት ትንሿ ቡሎን ሁሌም ከላይ በኩል መሆን አለባት፣ ምክንያቱም አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የቀኙን ካሊፐር ግራ ላይ ብትገጥሙት በብዙ መኪና ላይ ጥርት አድርጎ ይገጥማል፣ ቡሎኗ ግን ወደ ታች ትዞራለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ብትረግጡ ዘይቱ ከታች ይወጣል፣ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ያያችኋል። ያ ሁሉ «አየር አለው» የተባለው ይሄ ነው። ፖምፓው ምንም አልሆነም። ልብ በሉ፣ አዲስ ፖምፓ ልገዛ ነበር።

ቀጥለው «የወጣው የት አለ?» አሉኝ። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እዚያው እያየሁ ሞርሳ ላይ አሰሩት።

ይሄን ክፍል ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ የቤቱ ጥራት እዚህ ላይ ስለሚታይ ነው። በኮሮላና በመሰሎቿ ላይ ያለው ካሊፐር ፒስተኑ በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፣ ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ይስባል። ፒኖቹ ከደረቁ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ ሥራው ሁሉ በውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል። የኔም ይኸው ነበር። የውስጡ ሸራ ብረቱ ድረስ አልቋል፣ የውጪው ገና ግማሹ አለ። ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ፒስተኑ አይደለም፣ ፒኑ ነው» አሉ። አንደኛው ፒን በመዶሻ ነው የወጣው። አቧራ መከላከያ ጎማው ተቀዶ ውስጡ ዝጎ፣ ግሪሱ ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ሆኗል።

ፒስተኑንም ግን ሳያዩ አላለፉም። ፊት ለፊቱ ቁራጭ እንጨት አስቀመጡ፣ ከኮምፕረሰሩ በቱቦው ቀዳዳ በኩል አየር ቀስ አድርገው ለቀቁ። ልጁ እጁን ሊያስጠጋ ሲል በክርናቸው ገፉት፣ ልክ ናቸው፣ ፒስተን በአየር ሲወጣ ጣት ይሰብራል። እንጨቱን ጠ! አድርጎ መትቶ ወጣ። በጨርቅ ጠረጉትና ለኔ ሰጡኝ።

«ጥፍርሽን አሳልፊበት። ከያዘሽ ይጣላል። ካልያዘሽ ይሠራል።»

ዙሪያውን በጥፍሬ ዞርኩት። አልያዘኝም። ለስላሳ ነው። የሞተ የተባለው ካሊፐር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ጎሚኒውን አወጡ። ይቺ አራት ማዕዘን ጠርዝ ያላት ቀለበት ሁለት ሥራ አላት። ዘይቱ እንዳይወጣ ትይዛለች፣ ፍሬን ስትለቁ ደግሞ ፒስተኑን ወደ ኋላ የምትመልሰው እሷ ናት። ስትረግጡ ፒስተኑ ሲሄድ ትጠመዘዛለች፣ ስትለቁ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ በዚያች ቅንጣት በምታክል ርቀት ሸራው ከዲስኩ ይላቀቃል። ሌላ የሚስብ ሞሎ ውስጡ የለም። ጎማዋ ከደረቀች ወይ ካበጠች መመለሱን ትተዋለች፣ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ውስጡ ሞሎ ያለ ነበር የሚመስለኝ።

ጎሚኒዋ የተቀመጠችበትን ቦይ የጠረጉት በስለት ብረት አይደለም፣ ባሾሉት እንጨት ነው፣ ቦዩ ከተጫረ ያፈሳልና። ያጠቡት ደግሞ በቤንዚን አይደለም። ይሄን አስምሩበት። ብዙ ቦታ ፍሬን በቤንዚን ወይ በናፍጣ ሲታጠብ አይታችኋል። የፍሬን ጎማ ደግሞ የቤንዚን፣ የናፍጣና የሞተር ዘይት ዘር ሲነካው ያብጣል። ዛሬ ያጠባችሁት ካሊፐር ከወር በኋላ ይይዛል፣ እናንተም «ጎሚኒው ፎርጅድ ነው» ትላላችሁ። እዚህ ቤት በአልኮል ይታጠባል፣ በአየር ይደርቃል፣ አዲሷ ጎሚኒ አዲስ የፍሬን ዘይት ተነክራ ትገባለች። ፒስተኑን ጋሼ በሁለት አውራ ጣታቸው ገፍተው አስገቡት። በመዶሻ የሚያስገባ ካያችሁ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ።

ፒኖቹን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው የሲሊኮን ግሪስ ቀቡ። ተራው ግሪስ ያንኑ የማሳበጥ ሥራ ይሠራል። በብዙ ቶዮታ አንደኛው ፒን ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ አለው፣ ሌላው የለውም። ቦታ ከተቀያየሩ አንዱ ይጣበቃል። ልጁ ሊቀያይራቸው ሲል ጋሼ ቃል ሳይናገሩ እጁን ያዙት፣ ልጁም ወዲያው ገባው።

ወደ ቀኙ ጎማ ስንመጣ ሌላ ታሪክ ሆነ። ማንም ነክቶት አያውቅም። ጋሼ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ አሽከረከሩ፣ ይዞራል። ልጁን ፍሬን አስረግጠው አስለቀቁትና ድጋሚ አዞሩ፣ እንቢ አለ። አሁን የአየር ማውጫዋን ቡሎን ትንሽ ፈታ አደረጓት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማው ወዲያው ተለቀቀ።

ይሄን ዘዴ ያዙት፣ ገንዘብ ያድናል። ቡሎኗ ስትፈታ ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ካሊፐሩ ላይ አይደለም፣ ከላይ ታፍኖ የቀረ ግፊት አለ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው ከውጪ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አብጦ ወይ ተላጦ መንገዱን ያጠባል። እግራችሁ ጠንካራ ስለሆነ ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፣ የሚመልሰው ግን የለም። ቡሎኗ ተፈትታም ጎማው ካልተለቀቀ ያኔ ካሊፐሩን ወይ ፒኑን ተጠራጠሩ። የኔ የቀኙ ቱቦው ነበር። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ይመስለኛል። ሁለቱንም የፊት ቱቦ ቀየርን፣ ከመዳብ ሮንዴላዎቹ ጋር። ሮንዴላ ደግማችሁ አትጠቀሙ፣ አንዴ ከተጨመቀች ሁለተኛ በደንብ አትይዝም።

በነገራችን ላይ ካሊፐሩ ወልቆ ሲቆይ በቱቦው አላንጠለጠሉትም። በሽቦ ሞሎው ላይ አስረው ሰቀሉት። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ስንቱ ጋራዥ ያን ብረት በጎማ ቱቦ አንጠልጥሎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

ዲስኩን «ቶርኖ ቤት ልውሰደው?» አልኳቸው። ካሊብሮ አምጥተው ለኩት፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ከንፈር አልፈው ገባ ብለው፣ ሁለት ሦስት ቦታ። ዲስክ ላይ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ውፍረት ራሱ ብረቱ ላይ ተቀርጾ አለ፣ አሳዩኝ። ገና ነበረው። «አያስፈልገውም፣ ብርሽን ያዢ» አሉ። ቶርኖ ቤት ልከውኝ ቢሆን ደስ ብሎኝ ነበር የምከፍለው።

አየር ማስወጣት ላይ እኔን መኪናው ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ልጆቹ ሁለቱ ምሳ ሄደው ስለነበር። ከቀኝ ኋላ ጀመሩ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት፣ ከፖምፓው ከሚርቀው ወደሚቀርበው። ቡሎኗ ላይ ቀጭን የሚያሳይ ቱቦ ሰክተው ጫፉን ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ከተቱ። «ርገጪ። ያዢው። አትልቀቂ። አሁን ልቀቂ።» ጠቁሮ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ እየነጣ፣ አረፋው እየቀነሰ መጣ። ግራ ፊት ላይ ስንደርስ ቡሎኗ በቦታዋ፣ ከላይ ናትና፣ አረፋው ወዲያው ወጥቶ አለቀ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ። ያ ሁሉ ጣጣ በቃ ይሄ ነበር።

ሙከራውን በሰፈር ውስጥ ዞር ብለው አይጨርሱም። ወደ ደንገጎ መውጫ ትንሽ ነድተው ይመለሳሉ፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ሲመለሱ በእጅ የሚያዝ ቀይ ጨረር የሚጥል የሙቀት መለኪያ አውጥተው ግራና ቀኙን ዲስክ ያነጻጽራሉ። የኔ ተቀራራቢ ሆነ። መሣሪያው ከሳቸው መሣሪያ ሁሉ አዲሱ ነው፣ ሲያወጡትም ደስ ይላቸዋል። አዲስ ሸራ ስለገባ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሳታስጨንቂያት ንጂ፣ ደጋግመሽ በመጠኑ ፍሬን ያዢ፣ ገትረሽ አታቁሚያት ብለው አስጠነቀቁኝ። ከድሬ ወደ ሐረር መውጣቱ ለዚህ ይመቻል፣ ዳገት ስለሆነ።

ዋጋውን ልንገራችሁ፣ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ነው፣ እናንተ ስትሄዱ ጨምሮ ብታገኙት እኔን አትውቀሱ። ለሁለቱ የፊት ካሊፐር መፍታት፣ ማጠብ፣ ጎሚኒና ቱቦ መቀየር፣ የአራቱን ጎማ አየር ማስወጣት፣ የእጅ ዋጋ 3000 ብር። ዕቃው ለብቻው ነው። ጎሚኒው፣ ሁለቱ ቱቦ፣ የፊት ሸራውና ዘይቱ አንድ ላይ ሲደመር ሌላ ቦታ ለአንዱ ያገለገለ ካሊፐር ብቻ ካስወጡኝ ትንሽ ያነሰ ሆነ። ሸራ ሁሌም በጥንድ ነው የሚቀየረው፣ የግራው ብቻ አልቋል ብላችሁ የግራውን ብቻ አትቀይሩ፣ መኪናው ይስባችኋል። ያ የተሳሳተው የቀኝ ካሊፐር ምን ሆነ ለምትሉ ጋሼ ከፍተው አዩትና «ይሠራል፣ ለቀኝ ያስፈልግሽ ይሆናል፣ አስቀምጪው» አሉ። ሊገዙኝ ይችሉ ነበር። እቤት አልጋ ሥር አለ።

ዕቃ ከሳቸው አይሸጥም። ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧችኋል፣ ራሳችሁ ሱቅ ሄዳችሁ ታመጣላችሁ። አንዳንዱ ሰው ይሄን ይጠላዋል። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ዕቃው ላይ የሚይዙት ኮሚሽን እንደሌለ ታውቃላችሁ። ያመጣሁትን ጎሚኒ አንዱን መልሰውብኛል። በጣታቸው ለጥጠው ሲያዩት ሳይመለስ ቀረ፣ «ይሄን ውሰጂና ኦርጅናሉን አምጪ» አሉ። ባለሱቁ እያጉረመረመ ቀየረልኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ይሄ እውነት ነው፣ ደርሼበታለሁ። 6 ሰዓት ላይ ግን ይዘጋል። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድም፣ በዚያ ፀሐይ ብረት መንካት አይቻልም፣ ከዚያም በርጫው አለ። 10 ሰዓት ይመለሳሉ ይባላል። 10 ሰዓት ማለት 10 ሰዓት ተኩል ነው፣ አንዳንዴም ነገ ነው። እኔ መኪናዬ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጎማዋ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ስልክ የማያነሳ ጋራዥ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሐረር ስብሰባ ነበረኝ። ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ሲመለሱ «አቦ ምን ያስቸኩልሻል፣ ፍሬን እኮ ነው» አሉኝ፣ መልስ አጣሁለት።

ስለዚህ ጠዋት ማለዳ ግቡ። ከከዚራ ሰፈር ፈጢራችሁን በልታችሁ እሄዳለሁ ካላችሁ ወረፋው ያመልጣችኋል። መቀመጫም የለም። አንዲት የተሰበረች የመኪና ወንበር አለች፣ እሷም ላይ ድመት ተኝታለች። ጥላ የሚባለው አንድ የኒም ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ቀድሞ የመጣ ሰው ይዞታል።

ደረሰኝ የለም። የመሥሪያ ቤት መኪና ይዛችሁ ደረሰኝ የምታቀርቡ ከሆነ እዚህ አትምጡ፣ ትጨቃጨቃላችሁ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ትንሽ ከበድ ይላል። ቡሎን የሚያጠብቁት በእጅ ስሜት ነው። ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም ቡሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቀው ቁልፍ፣ የላቸውም። ጠየቅኳቸው፣ «አርባ ዓመት ሙሉ እጄ ነው ቶርኬ» አሉ። እጃቸውን አምናለሁ። የልጆቹን እጅ ግን ገና አላምንም፣ የካሊፐር ፒን ቡሎን ደግሞ ቀጭን ናት፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀች ጥርሷ ይበላል፣ ከላላች ደንገጎ ላይ ትወርዳለች። ጋሼ እያንዳንዷን ቡሎን መጨረሻ ላይ ራሳቸው ዞረው ይፈትሻሉ፣ እሱ ይታያል፣ ቢሆንም ለዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ቶርክ ቁልፍ መግዛት አያቅታቸውም። የሙቀት መለኪያውን የገዛ ሰው ይሄን አልገዛም ማለቱ አይገባኝም።

ሁሉን ካሊፐር ያድናሉ ማለቴም አይደለም። እኔ እያለሁ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ይዞ የመጣው ካሊፐር ፒስተኑ በዝገት ተቦርቡሮ ነበር፣ ጥፍር ሳይሆን ጣት ይይዛል። ወዲያው «ይጣል» አሉት። ሹፌሩ ለመናቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስና ይግባ ብሎ። አልገባም። ፒስተኑ ላይ ያለው ሽፋን አንዴ ከተነሳ ብታለሰልሱትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝገቱ ተመልሶ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። የሲሊንደሩ ውስጥ ከተበላ፣ የአየር ማውጫዋ ቡሎን ውስጥ ተሰብራ ከቀረች፣ ወይም ፒን የሚገባበት ከተሰነጠቀ ያው መቀየር ነው። አዲስ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ከካርቶኑ አውጡና አሮጌውን ጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ፦ አየር ማውጫዋ ወደ ላይ ትሆናለች ወይ፣ የቱቦው ቀዳዳ አንድ ነው ወይ፣ የፒስተኑ ስፋት ይመሳሰላል ወይ። ካርቶን ላይ «ግራ» ስለተባለ ግራ ነው ማለት አይደለም።

የኋላ ዲስክ ላላችሁ፣ እጅ ፍሬኑ ከካሊፐሩ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ፣ ፒስተኑ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። በክላምፕ ጨምቀው ሊያስገቡት ሲሞክሩ ውስጡን የሚሰብሩ አሉ። እዚህ የማሽከርከሪያው መሣሪያ አላቸው፣ ይሠሩታል። ኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን ያላቸውን ግን አይነኩም፣ ኮምፒውተር ስለሚፈልግ። አሁን ከተማው ውስጥ እየበዙ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ሸራና ፒን ያያሉ፣ ሞተሩ ራሱ ስለሚያቆማቸው ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፣ ባለመሥራቱም ፒኑ ቶሎ ይደርቃል፣ ሸራው ሳያልቅ ካሊፐሩ ይይዛል። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ከበራባችሁም ሌላ ቦታ ይልኳችኋል፣ የት እንደሚሻል ግን በትክክል ይነግሯችኋል።

ክፍያ በቴሌብርም በባንክም ይቀበላሉ። እሁድ ግማሽ ቀን አሉ። ዓርብ ግን ከረፋዱ በፊት ካልጨረሳችሁ መኪናችሁ እዚያ ታድራለች፣ ከጁምዓ በኋላ አይከፍቱም።